ግቡ ወይስ ግቢ? ፊደል ስንት ሚሊ ሜትር ይበቃዋል?

እስቲ እነዚህን አራት ቃላት ተመልከቷቸው፦ ግቡ፣ ግቢ፣ ግባ፣ ግቤ። የመጀመሪያው በር ላይ ለቆሙ ብዙ ሰዎች የሚባል ነው። ሁለተኛው ለአንዲት ሴት፣ ሦስተኛው ለአንድ ወንድ ይባላል። አራተኛው ደግሞ «የእኔ ግብ» ማለት ነው። «ግቢ» ሲያሻው የታጠረ ቅጥር፣ «ግቡ» ሲያሻው «ዓላማው» ይሆናል። የትርጉሙ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የቅርጹ ልዩነት ግን ከአንዲት ጭረት አያልፍም። ቡ ላይ ጭረቷ የቀኙ እግር ወገብ ላይ ተቀጥላለች። ቢ ላይ ያቺው ጭረት ወደ እግሩ ግርጌ ወርዳለች። ቤ ላይ በጭረቷ ቦታ ትንሽ ቀለበት አለ። ባ ላይ ደግሞ ምንም የተጨመረ ነገር የለም፤ የቀኙ እግር ከግራው ረዘም ብሏል፣ በቃ።

አሁን እነዚህን ቃላት በመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ ታጥፋ በምትገባው ወረቀት ላይ፣ በዚያች ደቃቃ ጽሑፍ አስቧቸው። ወይም መንገድ ዳር በተሰቀለ ባነር ላይ፣ ከሚሮጥ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ። ቀለበቷ ትታያችኋለች? ይህ «ደስ ይላል፣ አይልም» የሚባል የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለ ዓይናችን የምናውቀውን ይዘን፣ ካልኩሌተር አውጥተን የምንመልሰው ጥያቄ ነው።

የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ ገና ከመነሻው ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ታይፖግራፊ ይባላል። ፊደላትን የመምረጥ፣ መጠናቸውን የመወሰን፣ በመካከላቸውና በዙሪያቸው የሚተወውን ባዶ ቦታ የማመጣጠን ሙያ ነው። ከእናንተ ውስጥ በስልኩ ፖስተር የሚሠራ፣ ለክፍል ጓደኞቹ የልደት ካርድ የሚያዘጋጅ ካለ ሙያውን ጀምሮታል ማለት ይቻላል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? በመጻሕፍትም ሆነ በቪዲዮ የሚገኘው ትምህርት አብዛኛው የተዘጋጀው ለላቲን ፊደል ነው። «የመስመር ክፍተት ይህን ያህል አድርጉ፣ በአንድ መስመር ይህን ያህል ፊደል ይኑር» የሚሉት ሕጎች ከዚያ ፊደል ቅርጽ የተቀዱ ናቸው። እንዳሉ አንስተን ፊደላችን ላይ ስንጭናቸው አንዳንዶቹ ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ አይገጥሙም። የትኛው ይሠራል፣ የትኛው አይሠራም የሚለውን ለመለየት ከመሠረቱ መነሳት ያስፈልጋል።

ፖይንት ማለት ስንት ነው?

ኮምፒውተር ላይ «12» ብላችሁ የምትመርጡት የፊደል መጠን አሃዱ ፖይንት ይባላል። ዛሬ በኮምፒውተር የምንጠቀምበት ፖይንት የአንድ ኢንች 72ኛ ክፍል፣ ማለትም 0.353 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 12 ፖይንት 4.23 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ግን ማስመሪያ አውጥታችሁ በ12 ፖይንት የታተመ «በ» ብትለኩ 4.23 ሚሊ ሜትር አታገኙም፤ ያነሰ ነው የምታገኙት። ለምን?

መልሱ ያለው በድሮ ማተሚያ ቤት ነው። አውሮፓ ውስጥ ጉተንበርግ በ1450 አካባቢ ተንቀሳቃሽ ፊደል ሲያስተዋውቅ፣ እያንዳንዱ ፊደል በትንሽ የብረት ቁራጭ አናት ላይ ወጣ ብሎ የተቀረጸ ነበር። ቁራጩ የሚሠራው ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ቅልቅል ነው። ፖይንት የሚለካው የቁራጩን ቁመት እንጂ የፊደሉን አይደለም። ፊደሉ ከላይና ከታች ትንሽ ቦታ ትቶ ቁራጩ ላይ ይቀመጣል። ዛሬ ብረቱ የለም፤ አለካኩ ግን ቀርቷል። ለዚህም ነው ሁለት ፎንቶች እኩል 12 ፖይንት ሆነው አንዱ ተለቅ፣ ሌላው አነስ ብሎ የሚታያችሁ። ቁጥሩን ከማመን ማስመሪያውን ማመን ይሻላል።

የእኛም ፊደል ወደዚህ የብረት ዓለም የገባው ብዙ ሳይቆይ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ሰው፣ ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ፣ በ1513 እዚያው ሮም የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት አሳተመ። በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው። (ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ ያምን ነበር። ሰውዬው ፊደሉን በትክክል አስቀርጾ የቋንቋውን ስም መሳቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

ዓይናችን እስከ ስንት ያያል?

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «6/6 ነው» ከተባላችሁ፣ በሻካራ አነጋገር ዓይናችሁ የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል የሚያህል ዝርዝር ይለያል ማለት ነው። ይህች ማዕዘን አንድ ደቂቃ ትባላለች (ከሰዓቱ ደቂቃ ጋር አታምታቷት)። መጽሐፍ ወይም ወረቀት የምንይዘው ከዓይናችን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርቀን ነው እንበል። በዚያ ርቀት አንድ ደቂቃ ስንት ሚሊ ሜትር ይሆናል? 400 ሚሊ ሜትርን በ0.00029 ማባዛት ነው፤ 0.116 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከዚህ ያነሰ ክፍተት ካለ ሁለት ነገሮች ተጣብቀው አንድ ሆነው ይታያሉ።

ወደ ቤ ቀለበት እንመለስ። ለስሌቱ እንዲመቸን ሦስት ግምቶች እንያዝ። የፊደሉ ቁመት ከፖይንቱ 70 በመቶ ይሁን። የቀለበቱ ስፋት የፊደሉን ቁመት አንድ ስድስተኛ ይሁን። የቀለበቱ ውስጥ ቀዳዳ ደግሞ የቀለበቱን ስፋት አንድ ሦስተኛ ይሁን፤ የቀረው ሁለት ሦስተኛ በግራና በቀኝ ያለው ቀለም ነው። እነዚህ ቁጥሮች ከፎንት ፎንት ስለሚለያዩ የምትጠቀሙበትን ፎንት አጉልታችሁ ለክታችሁ በራሳችሁ ቁጥር ተኩት፤ አካሄዱ ያው ነው።

በ12 ፖይንት የቀለበቱ ቀዳዳ 0.16 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይታያል። በ10 ፖይንት 0.14፤ አሁንም ይታያል። በ8 ፖይንት 0.11 ይሆንና ከዓይናችን ወሰን በታች ይወርዳል። በ6 ፖይንት፣ የመድኃኒት ወረቀት ላይ በሚያጋጥም ዓይነት መጠን፣ 0.08 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ቀዳዳዋ ጠፋች ማለት ነው። ቤ ግርጌው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተለጥፋበት ይቀራል፤ ቢ ደግሞ ግርጌው ላይ አጭር ጭረት አለችው። ነጥብና ጭረትን መለየት ይቻላል፣ ግን ዓይን ይታገላል፣ ንባብም ይጎተታል። ይህ ሁሉ ደግሞ ወረቀቱ ጥሩ፣ ብርሃኑ በቂ፣ ዓይኑም የወጣት ዓይን ከሆነ ነው። ርካሽ ወረቀት ላይ ቀለም ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፤ የሚሰፋው ደግሞ ወደ ቀዳዳው ጭምር ነው። አያታችሁ ወረቀቷን ወደ መስኮቱ ወስደው «እስቲ አንተ አንብብልኝ» የሚሉት ያለምክንያት አይደለም።

የላቲን ፊደልም ይህ ችግር አለበት፤ ትንሿ «ኢ» ውስጥ ያለው ቀዳዳ በትንሽ መጠን ይደፈናል። ልዩነቱ የላቲን አንባቢ አንድ ፊደል ቢያመልጠው አናባቢው ብቻውን የቆመ ፊደል ስለሆነ ዙሪያውን አይቶ የሚገምትበት ቅርጽ ሰፊ መሆኑ ነው። በእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው ምልክት የፊደሉ በጣም ትንሹ አካል ነው። ስለዚህ «8 ፖይንት ለእንግሊዝኛው በቂ ከሆነ ለአማርኛውም ይበቃል» የሚለው አስተሳሰብ አያስኬድም። ሁለት ቋንቋ ያለበት ማሸጊያ የምትሠሩ ከሆነ አማርኛውን አንድ ሁለት ፖይንት ከፍ አድርጉት። ቦታ ጠበበ የሚል ሰው ቢመጣ ስሌቱን አሳዩት።

ያንኑ ስሌት መንገድ ላይ እንሞክረው። ከ30 ሜትር ርቀት አንድ ደቂቃ ማለት 8.7 ሚሊ ሜትር ነው። የቀለበቱ ቀዳዳ ይህን ያህል እንዲሆን ቀለበቱ 26 ሚሊ ሜትር፣ ፊደሉ ደግሞ 157 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ወደ 16 ሴንቲ ሜትር! የምልክት ሰሌዳ ላይ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው አሳንሶ መጻፍ ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዚህ ይታያል።

ደማቅ ሲሆን ምን ይፈጠራል?

ብዙ ጀማሪ ዲዛይነር «አይታይም» ሲባል የመጀመሪያ መልሱ ማድመቅ፣ ማለትም ቦልድ ማድረግ ነው። ከላይ ያለውን ስሌት የተከተለ ሰው ግን ወዲያው ይጠረጥራል። መስመሩ ሲወፍር የሚበላው ቀዳዳውን ነው። ነ እና ኘን፣ ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን የሚለየው አናት ላይ ያለው አግዳሚ መስመር ነው፤ መስመሩም ሆነ ሥሩ ያለው ፊደል ሲወፍሩ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ ይጠባል። ዐ እና ፀም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነታቸው ክቡ ውስጥ ያለፈው መስመር ብቻ ነው። ለትንሽ ጽሑፍ መጠኑን መጨመር እንጂ ማድመቅ አያዋጣም። ማድመቅ ለርዕስ ነው፣ እዚያ ቦታ አለና።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ የአማርኛ ፎንት ደማቅ ቅጂ የለውም። ፕሮግራሙ ግን «የለኝም» አይላችሁም፤ ያለውን ፊደል ራሱ አወፍሮ ይሰጣችኋል። ያ የተወፈረ ፊደል በሰው ዓይን ስላልተስተካከለ ቀለበቶቹ ሁሉ ይደፈናሉ። ያዘመመ ወይም ኢታሊክ የሚባለውም እንደዚሁ ነው። የላቲን ኢታሊክ ከጣልያን የእጅ ጽሕፈት የመጣ ራሱን የቻለ ቅርጽ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ልማድ የለም፤ ኮምፒውተሩ ፊደሉን ገፍቶ ያጋድመዋል እንጂ። ትልልቅና ትንንሽ ፊደል የሚባል ልዩነትም የለንም።

ታዲያ አንድን ቃል ጎላ ማድረግ ስንፈልግ ምን እናድርግ? የብራና ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ ከኮምፒውተር ብዙ መቶ ዓመታት በፊት መልሰውታል፤ ቀይ ቀለም። የመጽሐፉ መክፈቻ መስመሮች፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል፣ የቀረው በጥቁር። ፊደሉ መጠኑም ቅርጹም አልተነካም፣ ግን ዓይን ገጹ ላይ ባረፈ ቅጽበት ያገኘዋል። እኔ ይህን ከኢታሊክ ሺህ ጊዜ እመርጣለሁ። ሁለት ቀለም ማሳተም የማይቻል ከሆነ መጠን፣ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ወይም በትክክል የተሳለ ደማቅ ፎንት አለላችሁ።

በመስመሮች መካከል ያለው እርሳስ

በመስመሮች መካከል የሚተወው ክፍተት በእንግሊዝኛ ስያሜው የተወሰደው ከእርሳስ ነው፤ ከምንጽፍበት እርሳስ ሳይሆን ከማዕድኑ። አታሚዎች መስመሮቹን ለማራራቅ በመካከላቸው ስስ የእርሳስ ዝርግ ያስገቡ ነበር። ለላቲን ጽሑፍ የተለመደው ምክር ክፍተቱ ከፊደሉ መጠን ከ120 እስከ 145 በመቶ ይሁን የሚል ነው። ለ10 ፖይንት ፊደል ከ12 እስከ 14.5 ፖይንት ማለት ነው።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? የላቲን ትንንሽ ፊደላትን አስቡ። አብዛኞቹ መሃል ላይ ተቀምጠዋል፤ እንደ «ቢ» እና «ዲ» ያሉት ወደ ላይ፣ እንደ «ፒ» እና «ጂ» ያሉት ወደ ታች ይወጣሉ። በሁለት መስመሮች መካከል ከእነዚህ ወጣ ገቦች በስተቀር ብዙ ነጭ ቦታ በተፈጥሮው አለ። የእኛ ፊደላት ግን ቁመታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦታቸውን ሞልተው ይቆማሉ። መስመሩ ከሩቅ ሲታይ እንደ አንድ ጥቁር ጠርብ ነው። ዓይን መስመር ጨርሶ ወደ ግራ ሲመለስ ቀጣዩን ጠርብ ለማግኘት ነጭ ኮሪደር ይፈልጋል። ስለዚህ ለአማርኛ ከ150 በመቶ መነሳት፣ እንደ ፎንቱ ደግሞ ወደ 160ም መሄድ ጥሩ ነው የሚል አቋም አለኝ። አንድ አንቀጽ በ120 እና በ155 አድርጋችሁ አጠገብ ላጠገብ አትሙና ፍረዱ።

በአንድ መስመር ስንት ፊደል ይኑር የሚለውም ሕግ እንዲሁ መታረም አለበት። ለላቲን ከ45 እስከ 75 ይባላል። ግን «ሰላም» በእኛ ሦስት ፊደል ነው፣ በላቲን አምስት። «አዲስ አበባ» በእኛ ስድስት፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ አሥር። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለያዘ 75 የአማርኛ ፊደል ያለበት መስመር ከሚገባው በላይ የረዘመ ነው።

የቃል መለያያችን ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ይደረግ ነበር። ቃሉ የት እንደሚያልቅ ነጥቡ ስለሚናገር ጸሐፊው መስመር ሲሞላበት ቃሉን የትም ቆርጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማንም አይደናገርም። ዛሬ ነጥቡን ትተን በባዶ ቦታ ተክተነዋል። ባዶ ቦታው ግን መስመር መጨረሻ ላይ አይታይም። ስለዚህ ቃል መሃል ላይ ብትቆርጡ አንባቢው ሁለት ቃል ይመስለዋል። ካልቆረጣችሁ ደግሞ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ ጠባብ ዓምድ ላይ በግራም በቀኝም እኩል አስተካክሉ ስትሉት ፕሮግራሙ በቃላት መካከል ገደል ይከፍታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጠባብ ዓምድ ከሆነ ከግራ ብቻ አስተካክሉና ቀኙን እንዳሻው ተዉት። አራት ነጥብን በሁለት የእንግሊዝኛ ኮለን መጻፍም ይቅር። ።  በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር ያለው አንድ ምልክት ነው፤ ሁለት ኮለን ግን ሁለት ምልክት ስለሆነ ክፍተቱ ይዛባል።

231 እና 53,361

«ለምንድነው የአማርኛ ፎንት እንዲህ የሚያንሰው?» የሚል ጥያቄ ዲዛይን የጀመረ ሁሉ ያነሳል። መልሱ ላይ ስንፍና ብቻ የለም፣ ሒሳብም አለ። የእንግሊዝኛ ፊደላት ትልልቁና ትንንሹ ተደምሮ 52 ነው። የእኛ መሠረታዊ ገበታ 33 ሲባዛ በ7፣ 231 ነው፤ እነ ቧ እና ሏ ሳይቆጠሩ። ፎንት የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ፊደል ከመሳል አልፎ ሁለት ፊደል ጎን ለጎን ሲቆም ያለውን ክፍተት ማየት አለበት። ለ52 ፊደል የሚቻሉት ጥንዶች 2,704 ናቸው። ለ231 ፊደል 53,361። ሁሉንም አንድ በአንድ የሚያይ ባይኖርም የሥራው ስፋት ከዚህ ይገመታል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲፈጥሩ የገጠማቸውም ይኸው ብዛት ነው፤ 231 ቁልፍ ያለው መኪና ማንም አይችለውም።

ኮምፒውተር ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። አንድ አሮጌ ፋይል ስትከፍቱ አማርኛው በማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደል ከተሞላ ምክንያቱ ይህ ነው። ዛሬ በነፃ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች አሉ። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የእጅ ጽሕፈቱን መንፈስ ይዟል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወፍራምና ቀጭን መስመር ያፈራረቀ ሲሆን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ መስመሩ ተቀራራቢ ውፍረት አለው፤ ሁለቱም በተለያየ ውፍረት የተሳሉ ናቸው። ለስልክ ስክሪንና ለትንሽ ጽሑፍ እኔ ሳንሱን እመርጣለሁ፣ ቀጭን መስመሮቹ አይጠፉምና።

ወፍራምና ቀጭን ሲባል የመጣው ከመቃ ብዕር ነው። የብዕሩ ጫፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግዳሚው ይቀጥናል። አሁን ቦታ ስለጠበባችሁ ፊደሉን ከጎን ይዛችሁ ወደ ውስጥ ብትጨመድዱት ምን ይሆናል? ስፋቱ ብቻ ስለሚቀነስ ቋሚው መስመር ይቀጥናል፣ አግዳሚው ግን ባለበት ይቆያል። ወፍራሙና ቀጭኑ ቦታ ይቀያየራሉ። የተለጠጠ ወይም የተጨመደደ ፊደል ለምን እንደታመመ ሰው እንደሚመስል አሁን ገባችሁ? በቦታው መጠኑን በልኩ ቀንሱ ወይም ቃል አሳጥሩ።

በመጨረሻ፣ ቤት ውስጥ የምትሞክሩት። ግቡ፣ ግቢ፣ ግባ፣ ግቤ የሚሉትን አራት ቃላት በ24 ፖይንት፣ በሁለት የተለያዩ ፎንቶች፣ ቅደም ተከተላቸውን አቀያይራችሁ አትሙ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ጓደኛችሁን ከሩቅ አቁማችሁ፣ ሁሉንም በትክክል እስኪያነብ ድረስ አንድ አንድ እርምጃ እንዲቀርብ አድርጉ። የቆመበትን ርቀት በሜትር ለኩ። ርቀቱ ረዘም ያለበት ፎንት ያሸንፋል። ከዚያ 24ን ለዚያ ርቀት አካፍላችሁ በ0.4 አባዙት፤ የምታገኙት ቁጥር ያ ጓደኛችሁ በዚያ ፎንት የተጻፈ ወረቀት በእጁ ይዞ ሲያነብ የሚያስፈልገው ትንሹ ፖይንት ነው። ለጓደኛችሁ 9 ሜትር ላይ ከተነበበ 1.07 ይመጣላችኋል፤ ይህን ያህል የሚያይ ካገኛችሁ ግን ቃላቱን ቀድሞ አጥንቷቸዋልና ቅደም ተከተሉን እንደገና አቀያይሩት።